ወረቀቱ «አፕኒያ» ሲል፣ ሐኪሙ ማሽን ሲያዝ፦ ለጎንደር ሰው የሚሆን መመሪያ

አፕኒያ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ እየቆመ የሚመለስበት ሕመም ነው። ሌሊት ትንፋሹ እየታፈነ የሚባንን ሰው መጀመሪያ የሚነገረው «ዱካክ ነው» ተብሎ ነው፤ ቀጥሎ «እንጥልህን አስቆርጥ» ይመጣል። ሁለቱን አልፎ ሐኪም ጋ የደረሰ፣ ለእንቅልፍ ምርመራ ቀበቶና ቱቦ ታስሮበት ያደረ ሰው በመጨረሻ እጁ ላይ የሚቀረው አንድ ገጽ እንግሊዝኛና «ሲፓፕ» (በማስክ አየር እየነፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ የሚያደርግ ማሽን) የምትል ትእዛዝ ናት። ብስጭቱ ከዚህ ይጀምራል። ቀን ሙሉ እንቅልፍ የሚጥለው ሰው «ቀላል ነው» ይባላል፤ ምንም አይሰማኝም የሚለው ደግሞ «ከባድ ነው፣ ዕድሜ ልክ ማሽን» ይባላል። ማሽኑን እንደምንም ያስመጣውም ሦስት ሌሊት ታግሎ ቁምሳጥን አናት ላይ ያወጣዋል።

ከዚህ ብስጭት አብዛኛው የሚቃለል ነው። መጀመሪያ ወረቀቱን ማንበብ፣ ከዚያ ማሽኑን ከጎንደር ኑሮ ጋር ማስማማት ያስፈልጋል።

ወረቀቱን ማንበብ

ዓይን ቶሎ የሚያርፈው ኤ ኤች አይ ተብሎ በተጻፈው ቁጥር ላይ ነው። ትንፋሽ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደቆመ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳይ ሲሆን፣ 10 ሰከንድ ያልሞላው አይቆጠርም። ለአዋቂ ሰው ከ5 በታች ደህና፣ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 ጀምሮ ከባድ ይባላል። ቁጥሩ ቁርጥ ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን እንዴት እንደተሰላ ካልታወቀ ያሳስታል።

ምርመራው ቤት በተወሰደ መሣሪያ ከሆነ፣ መሣሪያው የአንጎልን ሞገድ ስለማይለካ መተኛትዎንና መንቃትዎን አይለይም። ሰዓቱን የሚቆጥረው ከተከፈተ እስኪዘጋ ነው። ለምሳሌ 96 የትንፋሽ መቋረጥ ለ8 ሰዓት ሲካፈል 12 ይሆናል፤ ቀላል ተባሉ ማለት ነው። እውነተኛ እንቅልፍዎ 5 ሰዓት ብቻ ከነበረ ግን ያው 96 ለ5 ሲካፈል ከ19 በላይ ነው፤ መካከለኛ ሆነ። ስለዚህ መሣሪያውን አስረው ባደሩ ማግስት ስንት ሰዓት እንደተኙ፣ ስንቴ እንደነቁ ጽፈው ለሐኪሙ ይስጡ። ይህን ማንም ሳይጠይቅዎት ያድርጉት።

ሁለተኛው ጥያቄ «ትንፋሽ ቀነሰ» የተባለው በየትኛው ደንብ ነው የሚል ነው። አንዱ ደንብ የደም ኦክስጅን በ3 ከመቶ ሲወርድ ይቆጥራል፣ ሌላው 4 ከመቶ ካልሞላ አይቆጥርም። በአንድ ሌሊት መረጃ ላይ ሁለቱ የተለያየ ደረጃ ሊሰጡ ይችላሉ፤ በተለይ ቀጠን ባሉ ሰዎችና በሴቶች ላይ የ4ቱ ደንብ ብዙ ያሳልፋል። ወረቀቱ ግርጌ ላይ ደንቡ ይጻፋል፤ ካልተጻፈ ይጠይቁ።

ከዚያ ወደ ታች ወርደው በጀርባ ተኝተው የተመዘገበውንና በጎን ተኝተው የተመዘገበውን ያነጻጽሩ። የጀርባው ከጎኑ ሁለት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሕክምናው ሊቀል ይችላል። «ኦብስትራክቲቭ» እና «ሴንትራል» የሚሉትን መስመሮችም ይዩ። የመጀመሪያው ጉሮሮ ሲዘጋ፣ ሁለተኛው አንጎል «ተንፍስ» ማለቱን ሲተው የሚመጣ ነው። ሴንትራሉ የሚበዛ ከሆነ፣ በተለይም የልብ ድካም ላለበት ሰው፣ ማሽኑ ተራ ሲፓፕ ላይሆን ይችላል። እንዲያውም ለሴንትራል የሚሠራው ኤኤስቪ የተባለው ማሽን የልብ ምታቸው ጉልበት በጣም ለደከመ ሰዎች ጉዳት እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ትልቅ ጥናት አሳይቷል። ማሽን ተገኘ ተብሎ የተገኘው ሁሉ አይታሰርም።

ኦክስጅኑ ላይ ጎንደር የራሷ ጣጣ አላት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች፣ ጤነኛ ሰው ነቅቶ ሳለ 93 ወይም 94 ከመቶ ቢያነብ አያስደነግጥም። «ከ90 በታች የቆየበት ጊዜ» የሚለው መስመር የተለመደው ለዝቅተኛ ስፍራ ነው፤ ከ98 የሚነሳና ከ94 የሚነሳ ሰው ወደ 90 የሚወርዱበት መንገድ እኩል አይደለም። ውጤቱን የሚያነበው ሰው አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ከሆነ፣ የት ከተማ እንደተለኩና ነቅተው ሳሉ ስንት እንደነበረ አብሮ ይጻፍለት። በሰዓት ስንት ጊዜ ወረደ የሚለውንም (ኦ ዲ አይ) ከፍታ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። የጣት መለኪያ በጠቆረ ቆዳ ላይ ኦክስጅንን ከእውነተኛው ትንሽ ከፍ አድርጎ ሊያነብ እንደሚችልም በጥናት ታውቋል። ጥፍር ቀለም ወይም ጥቁር ሂና ያለበት ጣት፣ ብርድ የመታው ጣትም ያሳስታሉ። ለምርመራ ሲሄዱ ቢያንስ አንድ ጣት ንጹሕ ይሁን።

ውጤቱ ከሚሰማዎት ጋር ካልገጠመ

የቤት ምርመራ «የለም» ቢል፣ እርስዎ ግን ተቀምጠው የሚያንቀላፉ፣ የትዳር ጓደኛዎም ትንፋሽዎ ሲቆም የሚያዩ ከሆነ፣ ምርመራው አላለቀም። አፍንጫ ላይ ያለችው ቀጭን ቱቦ እኩለ ሌሊት ወልቃ ሊሆን ይችላል፤ ንጹሕ ምዝገባው 4 ሰዓት ካልሞላም ውጤቱ እምነት አይጣልበትም። «ስንት ሰዓት ጥሩ ምልክት ተገኘ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ አጭር ከሆነ ድጋሚ፣ ረጅም ሆኖም ምልክቱ ካለ አንጎልን ጭምር የሚለካ ሙሉ የሌሊት ምርመራ እንዲታዘዝ ይጠይቁ። አንድ ሌሊትና ሌላው ሌሊትም እኩል አይደሉም፤ ጠላ ወይም አረቄ የጠጡበት ሌሊት ቁጥሩን ያንረዋል፣ በጎን የተኙበት ያሳንሰዋል።

ውጤቱ ቀላል ሆኖ ድካሙ ከባድ ከሆነ ደግሞ ሌላ ተጨማሪ ምክንያት ይፈለግ፦ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ መቀዝቀዝ፣ ድብርት፣ የእንቅልፍ ሰዓት ማነስ፣ የሚወስዱት መድኃኒት። ዲያዜፓም እና ትራማዶል የመሳሰሉት ጉሮሮን ያላሉ ወይም ትንፋሽን ያደክማሉ። አንገት ላይ እንቅርት ካለ ሳይታይ አይታለፍ፤ ትልቅ እንቅርት የአየር መንገዱን ከውጭ ይጫናል።

«ከባድ» ተብለው ምንም የማይሰማዎት ከሆኑ መጠየቅ ነውር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመውና ሴቭ የተባለው ጥናት የልብ ወይም የአንጎል ደም ሥር ሕመም ያለባቸውን ከ2,600 በላይ ሰዎች ተከታትሎ፣ ሲፓፕ የልብ ድካምንና ስትሮክን እንዳልቀነሰ አግኝቷል፤ የቀን እንቅልፋቸውና ስሜታቸው ግን ተሻሽሏል። ሰዎቹ ማሽኑን በሌሊት በአማካይ 3.3 ሰዓት ብቻ ነበር የተጠቀሙት፤ ያም ክርክሩን ክፍት አድርጎታል። ስለዚህ ማሽኑን በዋናነት የሚሞክሩት ለሚያሻሽለው ነገር ነው፤ ለእንቅልፍ ጥራት፣ ለንቃት፣ ለማንኮራፋት፣ ለማይወርድ ደም ግፊት። ለሁለት ወር በደንብ ሞክረው «ለካ ደክሞኝ ነበር» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ድካም ከተለመደ ድካም አይመስልም።

የማይከራከሩበት ጊዜም አለ። ሚኒባስ፣ ባጃጅ ወይም የጭነት መኪና የሚነዳና መሪ ላይ ዓይኑ የሚከደን ሰው፣ ክርክሩን ትቶ ሕክምናውን ይጀምር፤ እስኪሻለው ድረስም አይንዳ። ሊማሊሞ ላይ ሁለት ሰከንድ እንቅልፍ ይበቃል። የልብ ድካም፣ የልብ ምት መዛባት ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ኦክስጅኑ ደጋግሞ ክፉኛ የሚወርድበትም እንዲሁ።

ከማሽኑ ሌላ መንገድ አለ?

አለ፤ ለሁሉም ግን አይሆንም። በጀርባ ብቻ ለሚብስበት፣ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ኪስ ሰፍቶ የቴኒስ ኳስ የሚያህል ነገር ማስገባት በጎን ያስተኛል። ክብደት መቀነስ ይረዳል፤ አንድ የታወቀ ጥናት 10 ከመቶ ክብደት የቀነሰ ሰው ኤ ኤች አዩ ሩብ ያህል እንደሚወርድ ገምቷል። ስለዚህ 40 የነበረ 30 ይሆናል፤ ጥሩ ነው፣ ግን አሁንም ከባድ ነው። ታችኛውን መንጋጋ ወደፊት የሚያወጣ የጥርስ መሣሪያ ለቀላልና ለመካከለኛው ይሆናል፤ ሠልጥኖ የሚሠራ የጥርስ ሐኪም ይፈልጋል። ለሕፃናት ነገሩ ሌላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቶንሲል ስለሆነ ቀጥታ ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ይውሰዱ።

እንጥል ማስቆረጥ መፍትሔ አይደለም። ጉሮሮ የሚዘጋው ከምላስ ሥርና ከጎን ግድግዳው ጭምር ነው፤ በባህላዊ መንገድ መቁረጥ የሚያተርፈው መድማትና ኢንፌክሽን ነው። የኦክስጅን ሲሊንደር ወይም ኮንሰንትሬተር (ኦክስጅንን ከአየር የሚለይ መሣሪያ) ብቻውንም ምትክ አይሆንም። የተዘጋ ጉሮሮ በኦክስጅን አይከፈትም፤ በጣም ወፍራም በሆነና ቀንም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚጠራቀምበት ሰው ላይ ትንፋሹን የባሰ ሊያዘገየው ይችላል።

ማሽኑን ማስመጣት

ለዘመድ «ሲፓፕ ላክልኝ» ብሎ መደወል አይበቃም። አሜሪካ ማሽኑ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሸጥም። ትእዛዙ ላይ በእንግሊዝኛ ይጻፍ፦ ዓይነቱ (ግፊቱ የማይለወጥ ወይም ራሱ የሚያስተካክለው «ኦቶ»)፣ የግፊቱ መጠን፣ እርጥበት ሰጪው፣ የማስኩ ዓይነትና ልክ። የዋጋ ልዩነቱ ካላስቸገረ ኦቶውን ይምረጡ፤ ግፊት ለማስለካት እንደገና ማደር ለማይመቸው ሰው ይሻላል።

ያገለገለ ማሽን ከሆነ ከታች ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። ማሽን አምራቹ ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ድሪምስቴሽን የተባለውን ሞዴል የመጀመሪያ ዓይነት ጨምሮ ብዙ ማሽኖቹን እንዲመለሱ ጠርቷል፤ ውስጣቸው ያለው የድምፅ ማፈኛ ስፖንጅ እየተፈረፈረ ወደ ትንፋሽ ይገባል ተብሎ። እንዲህ ዓይነቱ አሮጌ ማሽን በስጦታ ቢመጣ ስፖንጁ መቀየሩ በተከታታይ ቁጥሩ ይረጋገጥ። ሰው የተጠቀመበትን ማስክና ቱቦ አይውረሱ። ጥሩው ዜና፣ መደበኛው የቱቦ አፍ 22 ሚሊሜትር ስለሆነ የአንዱ ኩባንያ ቱቦና ማስክ ለሌላው ማሽን ይገጥማል፤ የሚሞቀው ቱቦ ግን አይገጥምም። ከማሽኑ ጋር አብረው ያስመጡ፦ ሁለት ትርፍ የማስክ ጎማ፣ አንድ ትርፍ ቱቦ፣ ለዓመት የሚበቃ ፊልተር። እዚህ ሲያልቅ የሶፋ ስፖንጅ ቆርጦ መሰካት ፊልተር አይሆንም፤ ወይ አየር ይዘጋል ወይ ራሱ ይረግፋል።

የማሽኑ ኮርድ ላይ «100–240» የሚል ካለ ትራንስፎርመር አያስፈልግም፤ ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃል። ከፍታውን አብዛኞቹ አዳዲስ ማሽኖች ራሳቸው ያስተካክላሉ፣ ግን ገደብ አላቸው፤ የአንዳንዱ 2,300፣ የሌላው 2,600 ሜትር ገደማ ነው። ጎንደር ላይ ችግር የለም። ከ2,800 ሜትር በላይ ያለችው ደባርቅ ላይ ለሚኖር ግን መመሪያ መጽሐፉን ሳያዩ መግዛት ስሕተት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው፤ ያሸነፈውም ሲታይ ትንሽ ነገር ነው። በመጀመሪያው ሌሊት አስረው ለመተኛት አይሞክሩ። ለሦስት ቀን ያህል ማታ ቁጭ ብለው፣ ቴሌቪዥን እያዩ፣ 20 ወይም 30 ደቂቃ ያስሩት። ቀጥሎ የቀን እንቅልፍ፣ ከዚያ ሌሊት። አንጎል ፊት ላይ የታሰረን ነገር የሚለምደው ነቅቶ ነው።

ማስኩን የሚያስተካክሉት ተኝተው፣ ማሽኑ እየነፋ ነው። ቆመው መስታወት ፊት ያሰሩት ሲተኙ ጉንጭ ስለሚለወጥ ያስወጣል። ማሰሪያው ሥር ሁለት ጣት መግባት አለበት። ሲያፈስ ማጥበቅ የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፣ ብዙ ጊዜም የባሰ ያፈስሳል፤ ጎማው አየር ይዞ መንሳፈፍ ሲገባው ይጨፈለቃልና። ላላ አድርገው፣ ከፊት ትንሽ ሳብ አድርገው መልሰው ያስቀምጡት። ዓይንዎ ቀልቶ ከነቁ የላይኛው ጠርዝ እያፈሰሰ ነው። ጺማም ሰው፣ ካህናትም ጭምር፣ አፍን የሚሸፍነውን ትልቁን ማስክ ትተው አፍንጫ ቀዳዳ ላይ የምትገባውን ትንሿን ቢሞክሩ ይሻላቸዋል። ሹሩባ የተሠራች ሴት ማሰሪያው ከጉንጉኑ ላይ እንዳይንሸራተት ስስ ሻሽ አስራ በላዩ ታድርገው። ፀጉር ላይ ቅቤ ወይም ፊት ላይ ቅባት ካለ ጎማው ቶሎ ይበላሻል።

«አየር አጠረኝ» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ማሽኑ ከግፊት ቁጥር 4 ስለሚጀምር ነው። ለአዋቂ 4 ትንሽ ነው፤ መነሻው ወደ 6 ከፍ እንዲል ሐኪሙን ይጠይቁ። «ሳስወጣ ይገፋኛል» ካሉ ደግሞ ሲያስተነፍሱ ግፊቱን የሚያላላ ቅንብር አለ። ሆድ በአየር ከተነፋና ግሳት ከበዛ ግፊቱ በዝቶ ወይም አፍንጫ ታፍኖ ነው። አፍ ደርቆ ከነቁ አየሩ በአፍ እየወጣ ነው፤ መጀመሪያ አፍንጫን ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ ያጽዱ፣ ካልሆነ አገጭ ማሰሪያ፣ ካልሆነ ሙሉ ማስክ። ማስኩን ሳያውቁ አውልቀው የሚነቁ ከሆነ፣ ሲነቁ መልሰው ያስሩ፤ «ዛሬስ አልሆነም» ብሎ መተው ልማድ ይሆናል።

ኦቶ ማሽን ከፋብሪካ ሲመጣ ከ4 እስከ 20 ክፍት ሆኖ ነው፤ ብዙ ሰው በዚሁ ይሰጠዋል። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ «95 ከመቶ ግፊት» የሚለውን (ማሽኑ 95 ከመቶውን ጊዜ ከዚያ ያላለፈው ግፊት) ያዩና ክልሉ እንዲጠብብ ይጠይቁ። ለምሳሌ 11 ካለ፣ ከ7 እስከ 13 የሚለው ከተከፈተ በር ይሻላል። ይህ ሐኪሙ በደቂቃ የሚለውጠው ቅንብር ነው፤ አዲስ ማሽን አያስፈልገውም።

መብራት፣ ውሃ፣ ጭስ፣ ጋቢ

መብራት ሲሄድ ማስኩን ያውልቁ። ትልልቆቹ ማስኮች አየር የሚያስገባ ክዳን አላቸው፣ ግን እሱን ታምኖ አይታደርም። ለሌሊቱ ባትሪ ካሰቡ ስሌቱ ቀላል ነው። እርጥበት ሰጪውና የሚሞቀው ቱቦ ከጠፉ ማሽኑ ከ10 እስከ 15 ዋት ገደማ ይበላል፤ ለ8 ሰዓት ከ80 እስከ 120 ዋት ሰዓት። የሊድ ባትሪን ከግማሽ በታች ማውረድ ስለሚገድለው፣ ባለ 12 ቮልት 30 ወይም 40 አምፔር ሰዓት ባትሪ አንድ ሌሊት ያሳድራል። የኮምፒውተር ዩፒኤስ ውስጥ ያለው 7 አምፔሩ አያሳድርም። ውሃ ማሞቂያው በርቶ ከሆነ ፍጆታው ብዙ እጥፍ ስለሚሆን ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል። ማሽኑ 24 ቮልት ከሆነ ባለ 12 ቮልቱን በቀጥታ አይሰኩት፤ ከፍ የሚያደርግ መቀየሪያ አለው። የመኪና ባትሪ ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ስለሚያወጣ መኝታ ቤት ውስጥ ቻርጅ አያድርጉ። መብራት ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ማሽን ያቃጥላል፤ ስታቢላይዘር ያስፈልጋል።

እርጥበት ሰጪው የተጣራ ውሃ ይፈልጋል። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ድንጋይ የሚሆነውን ማዕድን አያወጣም። «የባትሪ ውሃ» ተብሎ መለዋወጫ ሱቅ የሚሸጠውን አያስገቡ፤ አሲድ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። የተጣራ ውሃ ካጡ ማዕድኑ አነስተኛ የሆነ የታሸገ ውሃ ይጠቀሙ፣ በየቀኑ ይድፉት፣ በሳምንት አንዴ አንድ እጅ አቼቶ በዘጠኝ እጅ ውሃ አድርገው ለግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉና ያለቅልቁ። ማስኩን በየቀኑ፣ ቱቦውን በየሳምንቱ ሽታ በሌለው ፈሳሽ ሳሙና ያጥቡ፤ በረኪና አይነካው፣ ፀሐይ ላይም አይሰጣ። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ቱቦው ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ቢንቦጫረቅ እርጥበቱን ይቀንሱ ወይም ቱቦውን በጨርቅ ይጠቅልሉት። ማሽኑ ሁልጊዜ ከራስዎ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ።

ጋቢ ተከናንቦ የመተኛት ልማድ ከማስክ ጋር አይሄድም። ማስኩ ፊት ላይ ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ያስወጡት አየር የሚወጣባቸው ናቸው፤ ጋቢ ከሸፈናቸው ያንኑ አየር መልሰው ይተነፍሳሉ። ከአንገት በታች ይሸፈኑ። ማሽኑ የሚስበው የክፍሉን አየር ነው፤ ቡና የተቆላበት፣ እጣን የታጠነበት ክፍል ፊልተሩን በሁለት ሳምንት ያጠቁረዋል፣ እንዲህ ካለ ቤት በየወሩ ሳይሆን በየሁለት ሳምንቱ ይለወጥ። ከሰል ግን ፊልተር የሚያቆመው አይደለም። የከሰል ጋዝ በፊልተሩ አልፎ በቀጥታ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ማሽን የሚያድርበት ክፍል ከሰል አይግባ።

ለሐኪሙ ምን ይዘው ይመለሱ?

ወር ሲሞላ ማሽኑን ወይም ካርዱን ይዘው ይሂዱ፤ ስክሪኑን በስልክ ፎቶ ማንሳትም ይበቃል። የሚታዩት ሦስት ናቸው፦ በአማካይ ስንት ሰዓት (4 ሰዓት ዝቅተኛው ነው፣ ጥቅሙ ግን እስከ 7 ይጨምራል)፣ የቀረው ኤ ኤች አይ (ከ5 በታች ይፈለጋል)፣ ፍሳሹ (በማስኩ ጠርዝ የሚያመልጠው አየር)። ሬስሜድ በተባለው ኩባንያ ማሽን ፍሳሹ በደቂቃ ከ24 ሊትር ካለፈ ማስኩ ይስተካከል፤ ፊሊፕስ ፍሳሹን በሌላ መንገድ ስለሚቆጥር ይህን ቁጥር ለእሱ አይጠቀሙ። ሰዓቱ ጥሩ፣ ኤ ኤች አዩ ዝቅ ያለ፣ ድካሙ ግን ያው ከሆነ፣ ወደ ደም ማነሱና ወደ ታይሮይዱ ምርመራ ይመለሱ። ኤ ኤች አዩ እንደ ከፍታው ከቀረ ደግሞ ስንቱ ሴንትራል እንደሆነ ማሽኑ ራሱ ለይቶ ያስቀምጣል፤ ያን ገጽ እንዲከፍቱልዎት ይጠይቁ።

አዲስ አበባ ለክትትል በአውሮፕላን የሚሄዱ ከሆነ የውሃ ማጠራቀሚያውን ባዶ ያድርጉት፣ ማሽኑንም በእጅ ይያዙ እንጂ በጭነት አይስጡ።